የእናቴ ምላስና የእኔ ብልቃጦች

በተወለድኩባት ቦምቤ ውስጥ ስለ እኔ ብትጠይቁ ሁለት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። ትልልቆቹ «የአባይነሽ ልጅ» ይሏችኋል። ወጣቶቹ ደግሞ «ያ ወተት የቀላቀለው ዶክተር» ይላሉ፤ ፊት ለፊታቸው ቆሜ እንኳ ይሉታል። ሁለተኛውን ስም ለራሴ ያወጣሁት እኔው ነኝ። እንዴት እንዳወጣሁት ልንገራችሁ፤ ብትስቁም አልቀየማችሁም። እኔም ስቄ ጨርሻለሁ፣ ያውም ከሁሉም ሰው በኋላ።

ዳልጮ እባላለሁ። በ2006 ዓ.ም. ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሶዶ ውስጥ ስለ ከብት እርባታ አስተምራለሁ፣ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ደግሞ ሦስተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። «ዶክተር» እያለ የሚያሳፍረኝን የባጃጅ ሾፌር ገና ዶክተር አለመሆኔን የማልነግረው፣ እንዲያውም የሂሳቡን መልስ ትቼለት የምወርድ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ገጠር ተወልጄ ከተማ ስለተማርኩ ሁለቱንም አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ላም ማለብ አልችልም፤ ስለ ላም ግን ሁለት መቶ ገጽ ጽፌያለሁ።

እናቴ አባይነሽ ላምን የምታውቀው በምላሷ ነው። በቦምቤ ዙሪያ የምትታለብ ላም ሊገዛ ያሰበ ሰው ገበያ ከመውጣቱ በፊት እኛ ቤት ጎራ ይል ነበር። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ትከተለዋለች። የላሚቱን ጥርስ የሚያይ ሌላ ሰው አለ፣ እግሯን የሚያይም አለ። እናቴ መዳፏ ላይ ሁለት ጊዜ ታልብና ትቀምሳለች፤ ዐይኗን ጨፍና ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ «ቅቤ አላት» ወይም «ይህቺስ ውኃ ናት» ትላለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። ሻጩ ይቆጣል፣ ገዢው ግን በእሷ ቃል ይሄዳል።

አባቴ የሞተው እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ በኋላ ያሳደጉኝ የጓሮው እንሰትና ይህች ምላሷ ናቸው። ላም የገዛ ሰው ከመጀመሪያው ንጠት ጠቀም ያለ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ያመጣላት ነበር። በእኛ አገር ቅቤ የሴት ነው። ወንዱ ላሚቱን «የእኔ» ይላል፣ ቅቤውን ግን አይነካም። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ከየንጠታቸው እየቀነሱ በጋራ ያጠራቅሙና ለጊፋታ፣ ለአዲስ ዓመታችን በዓል፣ ይካፈሉታል። ጊፋታ ደርሶ ቅቤ ያነሳት ሴት ምን እንደምትባል እኔ አልነግራችሁም፤ ጎረቤቶቿ በደንብ ይነግሯችኋል።

እኔስ ምን አጠና ነበር? ይህንኑ ነው። የአንዷ ላም ወተት ለምን በቅባት ይሞላል፣ የሌላዋስ ለምን ይቀጥናል? ቅባቱን የሚሠሩት በግቷ ውስጥ ያሉት ሴሎች ናቸው። በሴሉ መሃል የተቀመጠው ዘረመል «ቅባት ሥሩ» የሚል ትእዛዝ ያስጽፋል፤ የትእዛዙ ግልባጭ ሥራው ወደሚሠራበት ክፍል ይላካል። መንገድ ላይ ግን ከሃያ ሁለት ፊደል የማትበልጥ ትንሽ አር ኤን ኤ ትጠብቀዋለች። ትለጠፍበታለች፣ ትእዛዙም ሳይነበብ ይቀራል፣ ሲብስም ይቆራረጣል። ከእነዚህ ትንንሾች አንዳንዶቹ ቅባቱን ያሳንሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከልካዩን ራሱን እየከለከሉ ቅባቱን ያበዛሉ። ደስ የሚለው ነገር፣ የቅባት ጠብታ ከሴሉ ስትወጣ የሴሉን ጓዳ ትንሽ ትንሽ ይዛ ትወጣለች። ስለዚህ የላሚቱን ግት ሳልነካ፣ ከወተቷ ላይ ቅባቱን ገፍፌ፣ ማን ማንን እንደሚከለክል ማየት እችላለሁ።

ይህን አንድ ቀን ለእናቴ አስረዳኋት። እንሰት እየፋቀች ነበር። የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፣ እናቴንም «አዬ» እያልኩ ነው የምጠራት፤ እዚህ በአማርኛ ያስቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ እሷ ከዚህ የተሻለ እንደምትናገር እወቁላት።

«የቀበሌው ሊቀመንበር ደብዳቤ ጻፈ እንበል» አልኳት። «ደብዳቤው እናንተ ጋ ሳይደርስ አንድ ትንሽ ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀረውስ?»

«የእኛውን ጸሐፊ ነው የምትለኝ?»

«አይደለም፣ አዬ። በላሟ ግት ውስጥ ያለውን ነው።»

«እዚያም ደርሷል?» አለች።

ሳልስቅ ቀጠልኩ። ስለ ሴል፣ ስለ ጠብታ፣ ስለ ፊደሎቹ ነገርኳት። ስጨርስ መፋቂያውን ቀና አድርጋ አየችኝ።

«እንግዲህ እኔ በምላሴ የማውቀውን አንተ በመኪና ልታውቀው ነው» አለች። መኪና ያለችው የላቦራቶሪውን መሣሪያ ነው። የአራት ዓመት ጥናቴን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው፣ እኔም ትንሽ ቅር አለኝ።

የሚያስፈልጉኝ አሥራ ሁለት ላሞች ነበሩ፤ ስድስት ወተታቸው የሚወፍር፣ ስድስት ወተታቸው የሚቀጥን። የት እንደማገኛቸው ለማወቅ እናቴን ጠየቅኳት፣ በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። ከወፍራሞቹ አንዷ የራሷ ዳማ ላም ነበረች። ከቀጫጮቹ ቀድማ የተቆጠረችው ደግሞ አጥር የምትጋራን የጎረቤታችን የወይዘሮ ፈጠነች ላም ናት።

ለሴቶቹ ያደረግኩት ንግግር አሁን ሳስበው ፊቴን ያቀላዋል፣ ያኔ ግን ኮርቼበት ነበር። አሥራ ሁለቱንም ቤተክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሰበሰብኳቸውና፣ በዚያ ፀሐይ ነጭ ጋውኔን ለብሼ፣ በሁለት ረድፍ አቆምኳቸው። በስተግራ ለቆሙት ስድስቱ «የእናንተን ወተት የምንፈልገው ቀጭን ስለሆነ ነው» አልኳቸው። «በየብልቃጡ ላይ ስማችሁ ይጻፋል። መጀመሪያ ሶዶ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ በመጨረሻም ውጭ አገር ይሄዳል።» ማንም ጥያቄ አልጠየቀም። እኔም በማስታወሻዬ ላይ «ከተሳታፊዎች ጋር ሙሉ መግባባት ላይ ተደርሷል» ብዬ ጻፍኩ። ዘመኑ የመግባባት ዘመን ነበር፤ ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል ተብሎ ነበር የሚጻፈው።

ወተቱን የሰበሰብኩት የካቲት ውስጥ፣ በአንድ ጠዋት ነው። ላም ስትታለብ አጠገቧ መቆም በእኛ ዘንድ የወንድ ቦታ አይደለም፣ ጫማዬም አዲስ ነበር። ስለዚህ በየቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሴትዮዋ ወደ ጓሮ ትገባለች፣ ትንሽ ቆይታ ከክፉ ዐይን እንዲጠብቀው ሣር ጣል ያደረገችበትን ወተት በኩባያ ይዛልኝ ትመጣለች። ሣሩን በመቆንጠጫ አነሣሁና «ባዕድ ነገር» ብዬ መዘገብኩት። ወተቱን ብልቃጥ ውስጥ ጨምሬ ሙቀቱን ለካሁ። የወፍራሞቹ ወተት ከግት እንደወጣ ሞቅ ያለ ነበር፤ የቀጫጮቹ ግን የስድስቱም ቀዝቅዟል። እዚህ ላይ ማንም ሰው፣ ተማሪዎቼም ጭምር፣ ቆም ብሎ ባሰበ ነበር። እኔ «ቀጭን ወተት የሚሰጡ ላሞች የሰውነት ሙቀት ዝቅተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ወደፊት ቢጠና» ብዬ ጻፍኩ።

በሁለት ቤት ደግሞ ወተቱ የቀረበልኝ ጠርዙ በተላጠ ሰማያዊ የብረት ኩባያ ነው። ልጅ ሆኜ የጠጣሁበት ኩባያ ነበር። ሰማያዊ ኩባያ ቦምቤ ገበያ ላይ በብዛት መጥቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በረዶ የሰጠኝ ባለሱቁ ጃዕፈር ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚያ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱም እዚያው ተወልዶ ወላይትኛ ከእኔ አሳምሮ የሚናገር ሰው ነው። ብልቃጦቼን ከለስላሳ ጠርሙሶቹ አጠገብ ሲያስቀምጥ «ዶክተር፣ ቶሎ ውሰድልኝ፤ ሰው በስህተት ቢገዛኝ ምን ብዬ ነው የምመልስለት?» አለኝ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ብልቃጦቹን በበረዶ የደረደርኩበትን ሣጥን እንደ ሕፃን ታቅፌ ሶዶ ገባሁ።

ትንንሾቹን አር ኤን ኤዎች ለማየት ናሙናው ውጭ አገር መላክ ነበረበት። የቅባቱን መጠን ግን እዚያው ሶዶ ለካሁት። የወፍራሞቹ እንደተጠበቀው ከአምስት ከግማሽ እስከ ስድስት ከግማሽ በመቶ ወጣ። ከቀጫጮቹ የመጀመሪያው ስድስት ነጥብ ሁለት ነበር። ሁለተኛውም ስድስት ነጥብ ሁለት፣ ሦስተኛውም ስድስት ነጥብ ሁለት፤ እንዲህ እያለ ስድስቱም። ቁጥሮቹ እንዲህ አንድ ዓይነት መሆናቸው የአለካኬን ጥራት አሳየኝ። እጄ ይህን ያህል የተረጋጋ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ የደረስኩበት መደምደሚያ አንድ ነው፤ እናቴ ተሳስታለች።

መጋቢት ላይ ወረዳው አዳራሽ ውስጥ «የግብረ መልስ መድረክ» ተዘጋጀ። ባነር ተሰቅሏል፣ የታሸገ ውኃ ተደርድሯል፣ አበልም አለ። ከየቀበሌው የተመረጡ ሞዴል አርሶ አደሮች ገብተዋል። አሥራ ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ተቀምጠዋል። እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ ለእኔ ብላ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ፊት ወንበር ላይ ደግሞ ከብት በመነገድ የሚታወቀው ሐብተማርያም ነበር፤ ላም ሲገዛ ያለ እናቴ ምላስ ገዝቶ አያውቅም።

እኔ ሰንጠረዤን ግድግዳው ላይ አበራሁ። «ባህላዊው የቅምሻ ዘዴ አስተማማኝ አይደለም» አልኩ። «ቀማሿ ቀጭን ናቸው ካለቻቸው ስድስት ላሞች ስድስቱም ወፍራም ሆነው ተገኝተዋል። ዐይናችንን ጨፍነን ብንገምት ከዚህ የተሻለ ባገኘን ነበር።» ሰው ሳቀ። የሳቁትን ሰዎች ወደድኳቸው። «ቀማሿ» ማን እንደሆነች ስሟን አልጠራሁም፣ ጨዋነቴ እዚያ ድረስ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ግን የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም ዞሮ አያት። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና ቀና ብላ ተቀመጠች። ከኋላ የተቀመጡት ስድስት ሴቶች መሬት መሬት ያያሉ። እኔ በላሞቻቸው ውጤት ደንግጠው መስሎኝ ፈገግ አልኩላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ከግማሽ መንገድ በላይ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። ከዚያ «ብዙ ተናገርክ፤ ውኃ ጠጣህ?» አለችኝ። 

ነሐሴ ላይ አማካሪዬ ዶክተር ገብረሥላሴ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፣ ያን ቀን ደግሞ ይባስ ቀስ አሉ።

«ዳልጮ፣ ከአሥራ ሁለቱ ናሙና ሰባቱ ከአንዲት ላም ናቸው ይላሉ፣ የውጭው ላቦራቶሪ ሰዎች።»

«አይሆንም፣ ዶክተር። ከአሥራ ሁለት ቤት ነው የሰበሰብኩት።»

«በዲ ኤን ኤ ነው ያረጋገጡት። ሲታለብ አይተሃል?»

«ሴቶቹ ናቸው ያለቡት።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«በር ላይ።»

«በር ላይ» ብለው ደገሙልኝ። ከዚያ በወሩ ውስጥ አዲስ ናሙና ካልላክሁ ላቦራቶሪው ተራዬን ለሌላ እንደሚሰጥ፣ ጥናቱም እዚያው ላይ እንደሚያበቃ ነገሩኝ።

መጀመሪያ ፈረንጆቹን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ዕቃ አመላላሹን፣ ከዚያ የጃዕፈርን ፍሪጅ። ራሴን ለመጠርጠር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን የሰባቱን ብልቃጦች ቁጥር ከስሞቹ ጋር አመሳከርኩ። ስድስቱ ቀጫጮቹ ናቸው። ሰባተኛው ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት «አባይነሽ» ይላል።

በንዴት ጦፌ ቦምቤ ወረድኩ። የገበያ ቀን ስለነበር እናቴን ገበያ መሃል እፈልጋታለሁ ብዬ ነበር፤ ጊፋታ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ለአንድ አፍታ እንኳ ቤቷ አትገኝም ነበርና። ቤት አገኘኋት። ደጅ ላይ ባዶ እጇን ተቀምጣለች። እናቴን ባዶ እጇን ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

«አዬ፣ ገበያ አልወጣሽም?»

«ምን ልሠራ?»

«ሐብተማርያም አልጠራሽም?»

«ወረቀትህን አይቷል» አለች።

«ሌላ ሰውስ?»

«ሌላውም አይቷል።»

ከመጋቢት እስከ ነሐሴ አንድም ሰው አልጠራትም። አምስት ወር ሙሉ። ይዤው የመጣሁት ንዴት የት እንደገባ አላውቅም፤ በቦታው እፍረት ገባ። ቁጭ ብዬ ስለ ብልቃጦቹ ጠየቅኳት። አልካደችም።

«አዎ፣ ከእኔ ላም ነው» አለች። «ማልጄ አልቤ አደልኳቸው። አንተ ከፊት በር ስትገባ እነሱ ከኋላ በእንሰቱ መሃል ነው የመጡት። ፈጠነች ዋዜማውን እያለቀሰች መጥታለች። ስሜ ቀጭን ወተት ላይ ተጽፎ ባሕር ሊሻገር ነው አለችኝ። ላሟ አርጅታለች፣ ምን ታድርግ? ሌሎቹም መጡ። ልመልሳቸው?»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የት? አዳራሹ ውስጥ?»

«ከዚያ በፊት።»

«ከዚያ በፊት መቼ ጠየቅከኝ?»

 ሰንጠረዡን ከማሳየቴ በፊት አንድ ቀን እንኳ «አዬ፣ እንዲህ ወጣ፣ ምን ትያለሽ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ሃያ ዓመት ከተማርኩት ሁሉ ያን ያህል የሚቀልል ጥያቄ አልነበረም።

«እውነቱን እናገራለሁ» አልኳት። «በዚያው አዳራሽ ተናግሬ ስምሽን እመልሳለሁ።»

«ስድስት ሴት አዋርደህ እኔን ልታነሣ?» ድምጿን ከፍ አደረገች፣ ይህም ብርቅ ነው። «እንዳታደርገው። ቅቤ አብሬያቸው ነው የማጠራቅመው፣ ለቅሶ አብሬያቸው ነው የምቀመጠው። ምላሴ እንደሆነ አፌ ውስጥ አለ፣ የትም አልሄደም።»

እንዲህ ትበል እንጂ ዐይኗ መንገዱ ላይ ነበር። ወደ ገበያ የሚነዱ ከብቶች ሲያልፉ እያንዳንዷን ላም እስክትሰወር ድረስ በዐይኗ ትከተላለች። አንጀቴን በላችው። እናቴ ያን ሥራ ትወደው እንደነበር፣ ለቅቤው ብላ ብቻ እንዳልነበረ፣ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሶዶ አልተመለስኩም። እሑድ ቤተክርስቲያን ሄጄ የምስክርነት ጊዜ እንዲሰጠኝ ሽማግሌውን ለመንኩ። በእኛ ቤተክርስቲያን ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ወይ ከበሽታ ተፈውሷል፣ ወይ ከመጠጥ ተመልሷል። እኔ ወደ መድረኩ ስወጣ ሰዉ ከመጠጥ ነው ብሎ ገመተ፤ በኀዘኔታ አንገታቸውን ዘንበል ሲያደርጉልኝ አየሁ።

«ወንድሞችና እኅቶች፣ ወተቱን የቀላቀልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሴቶቹ ሁሉ የየላሞቻቸውን ወተት በትክክል ሰጥተውኛል። ሣጥኑን ሚኒባስ ውስጥ ደፋሁት። ግማሹ ብልቃጥ ተከፍቶ ፈሰሰ፣ እኔም አለቃዬን ፈርቼ ከሞላው ወደ ጎደለው እየገለበጥኩ ሞላሁት፣ ቁጥሩንም እንደመሰለኝ ጻፍኩ። ከዚያ እናንተ ፊት ቆሜ እናቴን አሳፈርኳት። ከውጭ አገር መልስ መጥቷል፤ የሠራሁት ሥራ ዋጋ የለውም ብለውኛል። አባይነሽ አልተሳሳተችም። የተሳሳተው የተማረው ልጇ ነው።»

ሳቁ ከወጣቶቹ ወንበር ጀምሮ እስከ ሽማግሌዎቹ ደረሰ። አንዱ ደግሞ ልማድ ሆኖበት ሃሌሉያ አለ። በጌታ ቤት፣ ያውም ምስክርነት ላይ ቆሜ፣ መዋሸቴ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ይከብደኛል። የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ግን አልዋሸሁም፣ በእሷ እጽናናለሁ። ከመድረክ ስወርድ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ሚኒባስ ውስጥ ዕቃህን እግርህ ሥር አድርግ» ብለው መከሩኝ።

በሴቶቹ በኩል ስድስቱ አልሳቁም። ፈጠነች አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። እናቴ ዐይኗን ጨፍናለች፤ እየጸለየች ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም። ቤት ስንገባ ምሳ አቀረበችልኝና «ቅቤ ልጨምርልህ?» አለችኝ። ጨመረችልኝ፣ እስኪፈስ ድረስ።

ሰኞ ማለዳ ፈጠነች በፊት በር መጣች።

«ዳልጮ፣ ተነሥ» አለችኝ። «ላሜ ልትታለብ ነው። ዛሬ በር ላይ አትቀመጥም፣ አጠገቤ ነው የምትቆመው።»

ሄድኩ። ጫማዬ እበት ውስጥ ገባ፣ እኔም ከላሟ ጅራት ጥግ ቆምኩ። ፈጠነች ቀስ ብላ አለበችና ኩባያውን ሰጠችኝ። ወተቱ ይሞቃል፣ የኩባያው ታች ይታያል ለማለት ትንሽ ነው የቀረው።

«ቀጭን ነው» አለች። «እንደሆነው ውሰደው። ስሜንም ጻፍበት።»

ስሟን ጻፍኩበት። ዐይኔ እንባ ሲያቀርር አይታ «ጭሱ ነው» አለችልኝ፣ ቤቱ ውስጥ ግን ገና እሳት አልነደደም ነበር። በዚያ ሳምንት ከቀሩት አምስቱ አራቱ ጠሩኝ። አንዷ አልጠራችኝም፤ እስከ ዛሬም በግማሽ እጅ ነው የምትጨብጠኝ፣ አልፈርድባትም። በእሷ ፋንታ እናቴ ሌላ ቀጭን ላም አገኘችልኝ። ወፍራሞቹንም እንደገና ሰበሰብኩ፣ በዚህኛው ጊዜ አንድም በር ላይ አልተቀመጥኩም።

ቅባቱን ስለካ እናቴ በአሥራ ሁለቱም ትክክል ሆና ተገኘች። ትንንሾቹ አር ኤን ኤዎችም በኋላ መልሳቸው መጣ፤ ቅባትን ከሚከለክሉት ውስጥ ሁለቱ በቀጫጮቹ ላሞች ወተት ውስጥ በዝተው ታዩ። ዓለም አልተለወጠም። ጥናቴን አዲስ አበባ ላይ ሳቀርብ ፈታኞቹ «ናሙናው ጥቂት ነው» አሉኝ፣ ልክ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ላሞቹ በምን መሣሪያ እንደተለዩ ሲጠይቀኝ «በእናቴ» ብዬ መለስኩ። ስቀው አሳለፉኝ።

ያን ቀን ማታውን አላስቻለኝም፤ በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ተነሥቼ፣ ሙሉ ልብሴን እንደለበስኩ፣ ሶዶ ላይ ሙዝና ስኳር ገዝቼ ቦምቤ ገባሁ። እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ስታየኝ፣ እኔም ቀስ ብዬ «ዶክተር ሆንኩ» ስላት በመንገዱ ሁሉ እያሰብኩ ነው የሄድኩት። ምን እንደምትለኝ ሳይቀር ገምቻለሁ። በሩ ተዘግቷል። ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

ፈጠነች በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«የለችም» አለችኝ። «ገበያ ናት። ሐብተማርያም በማለዳ መጥቶ ወሰዳት፤ ከእሱ በኋላም ሁለት ሰው መጥቶ ሲፈልጋት ነበር።»

«ዶክተር ሆኛለሁ እኮ» አልኳት።

«ጎሽ» አለች። «ቁልፉን ይዛው ሄዳለች፤ እዚያ ደፉ ላይ ተቀመጥ፣ እስክትመጣ።»

ሙዙን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልመጣችም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።